ከስጋት የተቀነሱ ሰዎች

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ፣ ማታ

አሁንም የማረቅቀው መመሪያ አንቀጽ ሁለት ላይ ነኝ፣ ደብተሬ። «ትርጓሜ» የምትለዋ። መመሪያ የሚያነብ ሰው ሁሉ እሷን ዘሎ ነው ወደ ቅጣቱ የሚሄደው። እኔ እዚያው ተቸክያለሁ።

አለቃዬ አቶ ሰለሞን ጠዋት ጠሩኝ። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ቴክኖሎጂው መመሪያ ክረምቱ ሳይጠና ይጽደቅ ተብሏል። የቀረው «ስጋት ማለት» የሚለው ብቻ ነው አሉኝ። ብቻ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ቀመሩን ያመጣው ኢ/ር ናሆም ነው። ጎበዝ ልጅ። ሴንሰሩን ወንዙ ውስጥ የተከለው፣ ሳይረኑን ምሰሶ ላይ የሰቀለው እሱ ነው። ውሃው ከተወሰነ ከፍታ ሲያልፍ ሴንሰሩ ለሳይረኑ ይነግረዋል፣ እሱም ይጮሃል፣ ሰው ወደ ላይኛው ሜዳ ይወጣል። ቀመሩም እንደዚያው ቀላል ነው። ጎርፍ የመምጣቱ ዕድል፣ ሲባዛ በሚያደርሰው ጉዳት፣ ሲቀነስ ማስጠንቀቂያው የሚደርሳቸው ሰዎች። የቀረው ስጋት ነው። ካርታው ላይ ምሰሶውን መሀል አድርጎ ክብ ሠርቷል። ክቡ ውስጥ ያለ ሁሉ ሳይረኑ ይሰማዋል፣ ስለዚህ ይቀነሳል።

ንጹሕ ነው። አጭር ነው። ለምን እንደማልወደው አላውቅም።

አውቃለሁ እንጂ። ለማን እዋሻለሁ። እማዬ ክቡ ውስጥ ናት። እኔ ጳውሎስ አካባቢ ክፍል ተከራይቼ ከወጣሁ ቆየሁ፣ እሷ ግን እዚያው፣ ከወንዙ ሁለት አጥር ከፍ ብላ ናት። ጎርፍ የገባበትን ቤት ስናጥብ ነው ያደግነው። አሁን በናሆም ሒሳብ ተቀንሳለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሽሮዬ ቀዘቀዘ። አሞቅኩት። አሁንም ቀዘቀዘ።


ግንቦት 14፣ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቢሮ

ትርጓሜው ምን እንደሚሠራ ዛሬ ገባኝ።

ለዘንድሮ የተፈቀደው ድጋፍ ግንብ አንድ ነው። አንድ። የሚፈልጉት ሰፈሮች ሁለት ናቸው፤ የኛ ወንዝ ዳርና ሸጎሌ በኩል ያለው ተዳፋት። ሸጎሌ ሳይረን የለውም። የኛ አለው። ስለዚህ በቀመሩ ስንሄድ የኛ ሰፈር ካርታው ላይ ከቀይ፣ ማለትም ከከፍተኛ ስጋት፣ ወደ ቢጫ ይወርዳል፣ ሸጎሌ ቀይ እንደሆነ ይቀራል፣ ግንቡ ወደ ሸጎሌ። ማንም አልመረጠም። ሒሳቡ ነው የመረጠው።

አቶ ሰለሞን ይህን ሲያስረዱኝ ምንም አልደበቁኝም። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ይህን ልጽፍልህ እፈልጋለሁ። አንድ ዳቦ ይዞ ሁለት ልጅ ፊት እንደቆመ አባት ናቸው። ቢጫ ብሎ መጻፍ ይቀላቸዋል። ለእኔም ይቀለኝ ነበር፣ እናቴ ቢጫው ውስጥ ባትሆን።

እሁድ ልምምድ አለ። ሳይረኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ይጮሃል፣ ሰው ይወጣል፣ እኛ እናያለን። ልምምዱ ከሰመረ ትርጓሜው አለቀ ማለት ነው።

ለእማዬ ደወልኩ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ትልቅ ጩኸት ትሰሚያለሽ፣ ስትሰሚ ላይኛው ሜዳ ውጪ አልኳት። እሺ አለችኝ። ደገምኩላት። ሰምቻለሁ እኮ፣ ጆሮዬ እንደ መንገሻ መሰለሽ እንዴ አለችኝ። ጋሽ መንገሻ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጡሩንባ ጆሮአቸው ሥር ሲነፉ ኖረው አሁን ካልተጮኸባቸው አይሰሙም፣ አልሰማም ግን አይሉም።


ግንቦት 17፣ እሁድ፣ ከሰዓት

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ጽሑፌን ማንበብ ካቃተህ ይቅርታ።

በጠዋት ወርጄ ከናሆም ጋር ምሰሶው ሥር ቆምኩ። ሳምንቱን ሙሉ መኪና በድምፅ ማጉያ ሲዞር ነበር። ስልክ ላይ መልእክት ሄዷል። ላይኛው ሜዳ ላይ «የመሰብሰቢያ ቦታ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ አለ፣ ቀለሙ ገና ይሸታል። ምን ጎደለ? ምንም።

ሳይረኑ ጮኸ። ረጅም፣ ወፍራም፣ እያቋረጠ የሚመጣ። ናሆም ድምፁን የመረጠው ሩቅ ስለሚሄድ ነው።

በሮች ተከፈቱ። ሰው ወጣ። ናሆም ደስ አለው፣ ክንዴን ያዘኝ። እኔም ለትንሽ ጊዜ ደስ አለኝ።

ከዚያ እማዬን አየኋት። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች። ወደ ታች። ከኋላዋ ጎረቤቶቿ፣ እነሱም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው። ሁሉም ወደ ታች። ወደ እድሩ ቤት። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ ሁሉ የሚቀመጥበት የእድሩ ቤት ደግሞ የት ነው? ወንዙ አፍ ላይ። መሬቱ ለሌላ ነገር አይሆንም ተብሎ ለእድሩ የተተወ ነው።

ሰፈሩ በጡሩንባ ሲነሳ የኖረ ሰፈር ነው። ያ ዓይነት ድምፅ ሲመጣ ሰው ሞቷል ማለት ነው፣ ሰው ሲሞት ደግሞ አይሸሽም፣ ይሰበሰባል። የሚሰበሰበው ድንኳኑ ጋ ነው። መኪናው ሳምንት ሙሉ የለፈለፈውን ሰምተዋል፣ ብትጠይቃቸው ይነግሩሃል። ድምፁ ሲመጣ ግን እግራቸው የሚያውቀውን ሄደ።

ሮጬ ደረስኩባት። የት ነው የምትሄጂው አልኳት። ማን ሞተ አለችኝ። እማዬ፣ የነገርኩሽ ጩኸት እኮ ነው። ቆም ብላ አየችኝ። መጀመሪያ ማን እንደሞተ አይቼ ከዚያ ወደናንተ ልመጣ ነበር አለች። ከልቧ ነው።

እድሩ ቤት በር ላይ ሰፈሩ ሁሉ ቆሟል። ሁሉም እርስ በርሱ ማን ሞተ ይባባላል። ውሃው በጋ ስለሆነ ቁርጭምጭሚት አያረጥብም። እኔ ግን የማየው የነሐሴውን ውሃ ነበር።

ጋሽ መንገሻ መጨረሻ መጡ፣ ተቆጥተው። ያለኔ ማን ነፋ አሉ። ሰምተው ነው ወይ የመጡት ብዬ ጆሮአቸው ላይ ጮኼ ጠየቅኋቸው። እንዴታ፣ በደንብ ነው እንጂ አሉ። ውሸታቸውን ነው። የሚኖሩት እድሩ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ነው፣ ሰው በደጃፋቸው ሲጎርፍ አይተው ነው የወጡት።

ናሆም ታብሌቱን ብቻ ያያል።


ግንቦት 19፣ ማክሰኞ፣ ማታ

የልምምዱ ሪፖርት ወጣ። «የኅብረተሰቡ ምላሽ እጅግ ከፍተኛ ነበር።»

እውነት ነው እኮ። ይሄ ነው የሚያሳብደኝ። ሳይረኑ ሲጮህ ከቤቱ የወጣ ሰው ብዛት ነው የተለካው፣ ሰዉም ወጥቷል። ወዴት እንደወጣ የሚለካ ነገር የለም፣ ማንም ይጠየቃል ብሎ አላሰበም። እኔም አላሰብኩም ነበር። መስፈርቱን ሲያዘጋጁ እዚያው ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ ነበር።

አቶ ሰለሞን ጋ ገባሁ። ሰዉ የሄደው ወደ ወንዙ ነው አልኳቸው። በእጃቸው ብዕር እያሽከረከሩ ሰሙኝ። የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ ይሠራል፣ ክረምቱ እስኪጠና ጊዜ አለ አሉ። ጊዜ የለም አልኩ። ሰዉ ሞኝ አይደለም፣ ነግረነዋል፣ ያውቃል፣ ግን ድምፁ ከኛ በፊት ሌላ ሥራ ነበረው አልኩ። ምን ያህል በደንብ እንዳልኩት እንጃ።

ከዚያ ቀስ ብለው፣ በትህትና፣ እናትሽ እዚያ ናቸው አይደል አሉኝ።

አዎ አልኩ።

ሌላ ነገር ማለት አላስፈለጋቸውም። ፊቴ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ወጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። እና እሳቸው ልክ ቢሆኑስ? እማዬ ሌላ ሰፈር ብትኖር ይህን ሁሉ ልብ እል ነበር? ሪፖርቱን አንብቤ ከፍተኛ ምላሽ ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ አልሄድም ነበር? እውነቱን ንገሪኝ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።


ግንቦት 22፣ ዓርብ

ከናሆም ጋር ጳውሎስ ማኪያቶ ጠጣን። ያኮረፈኝ መስሎኝ ነበር። አላኮረፈም፣ አዝኗል። ድምፁን መቀየር ይቻላል አለኝ፣ ግን በምን ልቀይረው? ሰፈሩን በአንድ ጊዜ የሚያነሳ ትልቅ ድምፅ እዚያ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚያገለግለው። ደወል ቢሆን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ እሱ እንኳ ይሻል ነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ያለ ነው ብሎ ሳቀ። ቀሳውስቱ ግን የሚፈቅዱ አይመስለውም። እኔም አይመስለኝም።

ቀመሩ ውስጥ ወዴት የሚለውን አስገባው አልኩት። ቁጥር አይደለም አለኝ። ወዴት የሚባል ነገር አይቀነስም፣ አይባዛም። ሰዎች አንድ ጊዜ እንዲህ፣ አንድ ጊዜ እንዲያ ያደርጋሉ። ቀመር ውስጥ ሰው ከገባ ቀመሩ አያልቅም አለ። ታዲያ አይለቅ አልኩት። መመሪያ ደግሞ ማለቅ አለበት፣ ሰብሊ፣ አለኝ።

ሁለታችንም ልክ ነን። ለዚህ ነው እንቅልፍ የማይወስደኝ።

ሰማዩን በየደቂቃው አያለሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ ከጭንቅላቱ በላይ ደመናውን ነው የማየው። የእማዬን መድኃኒት የምትሸጥልኝ የፋርማሲዋ ልጅ ዛሬ አንቺ ምን ሆነሻል አለችኝ።


ግንቦት 30፣ ቅዳሜ፣ እማዬ ቤት

ትናንት ዘንቧል። ትንሽ ነው፣ ቅምሻ። ግን ወርጄ አየሁ። ወንዙ ቡናማ ሆኗል፣ ፕላስቲክና የማገዶ ፍልጥ እየገፋ ይወርዳል።

እማዬ የእድሩ ዕቃ ኃላፊ ናት፣ ነግሬህ አላውቅም። ድስት፣ ትሪ፣ ጭልፋ፣ ባልዲ በሷ እጅ ነው። ዛሬ ዕቃውን አውጥታ ስታጥብ አገኘኋት፣ እያጉረመረመች። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ የእድሩ ቤት ወለል ይረጥባል፣ ድንኳኑ ይሻግታል፣ ለቅሶ ላይ ሲተከል ሰው አፍንጫውን ይይዛል። ወደ ላይ ውሰዱት፣ ላይኛው ሜዳ ዳር አንዲት ቆርቆሮ ቤት ቀልሱ እያልኩ አፌ ተልቷል፣ ወንዶቹ እሺ ይላሉ፣ ከዚያ ይረሳሉ አለች። ይህን ንግግር ልጅ ሆኜ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እንደ ሬድዮ ማስታወቂያ ነው፣ አይሰማም።

ዛሬ ተሰማኝ።

ድስቱን ከእጇ ቀምቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ምን ነካሽ አለች። ሰዉን አቅጣጫ ማስቀየር አንችልም። ድምፁንም አንችልም። ድንኳኑን ግን እንችላለን። ሰዉ ስቶ የሚሄድበትን ቦታ ወደ ላይ እናውጣው፣ ይሳት እንግዲህ። እንደ ልማዱ ማን ሞተ እያለ ይምጣ። ይምጣና ይትረፍ።

እማዬን ሳምኳት። የሳሙና አረፋ ጉንጬ ላይ ቀረ። ታመሻል ወይ አለችኝ።


ሰኔ 1፣ እሁድ፣ ማታ

የእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። መ/ቤት ውስጥ መናገር ሌላ ነው፤ እነዚህ ግን በዳዴ ስሄድ የሚያውቁኝ ናቸው።

ሊቀመንበሩ ጋሽ በዳሳ ነገር በቶሎ አይጥማቸውም። ላይኛው ሜዳ ለታች ሰፈር ሽማግሌዎች ዳገት ነው አሉ፣ እውነታቸውን ነው። አንዱ ተነስቶ ለጎርፍ ብለን ሙታችንን እናንገላታ ወይ አለ። ሌላው ዘንድሮ ግንብ ይሠራል ተብሎ የለም ወይ ብሎ ወደኔ ዞረ። ሁሉም አየኝ። ደብተሬ፣ ምን ልበል? አላውቅም አልኩ። አውቅ ነበር።

የረዳኝ ጎርፉ አይደለም፣ የድንኳኑ ሽታ ነው። እማዬ ተነስታ ስለ ሻጋታው ተናገረች፣ ሴቶቹ አጨበጨቡ፣ ወንዶቹ ሳቁ፣ ነገሩ ለሰለሰ። ለክረምት ብቻ፣ እስከ መስቀል፣ ይውጣ ተባለ። ቀብር ሲኖርም ስም የሚጠራው እዚያው ይሆናል። በእድራችን ለቅሶ ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ስለዚህ ማንም አይቀርም።

ጋሽ መንገሻን ከስብሰባው በኋላ ለብቻቸው ያዝኳቸው። ሳይረኑ ሲጮህ እርስዎም ላይ ሆነው ቢነፉልን ብዬ ጆሮአቸው ላይ ጮኽኩ። ሰውየው ተቆጡ። ጡሩንባዬ ለሙት ነው፣ ላልሞተ ሰው ነፍቼ አላውቅም አሉ። እሺ፣ ይቅር፣ ግን ክረምቱን ከዚያ ክፍል ይውጡ አልኳቸው። ባዶውንም ቢሆን ቤቱን ማን ይጠብቃል አሉ። ሳይረኑን ካልሰሙትስ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በአፋቸው አልሰማም እንዲሉ ማድረግ ከበደኝ።


ሰኔ 4፣ ረቡዕ

የራሴን ትርጓሜ ጻፍኩና ለአቶ ሰለሞን አስገባሁ። የናሆምን ቀመር አልነካሁም፣ አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ። ከስጋት የሚቀነሰው ድምፁ የደረሰው ሰው ሳይሆን ደህና ቦታ መድረሱ የተረጋገጠ ሰው ነው።

አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ይህ ማለት ሰፈርሽ ተመልሶ ቀይ ሆነ ማለት ነው አሉ። አዎ አልኩ። ግንቡን ከሸጎሌ ልትወስጂ ነው አሉ።

ይህን ስጠብቅ ነበር፣ ሌሊቱን ሳሰላስለው አደርኩ። አይደለም አልኳቸው። ግንቡ ሸጎሌ ይሂድ። እዚያ ሳይረንም የለም፣ እዚያም እናቶች አሉ። ግን የኛ ሰፈር ቢጫ አይባል። ቀይ ነው፣ ቀይ መሆኑን እያወቅን አቅማችን አንድ ግንብ ስለሆነ ሌላውን አስቀደምን ተብሎ ይጻፍ። ከዚያ በሚመጣው ዓመት በጀት ሊመድብ የሚቀመጥ ሰው ይህን ያያል። ቢጫ ካልነው ግን ማንም ተመልሶ አያየውም፣ አልቋል ብሎ ያልፋል።

መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ። ውጭ ሰዎች እየሳቁ ያልፋሉ። እንዲህ ብሎ የሚፈርም ሰው የት ታገኛለሽ አሉኝ በመጨረሻ። በቁጣ አይደለም። እንደ ደከመው ሰው ነው ያሉት።


ሰኔ 8፣ እሁድ

ዕቃው ወጣ። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ድስት፣ ሁሉም። ወጣቶቹ ተሸከሙ፣ ሴቶቹ አዘዙ፣ ጋሽ በዳሳ መሀል ቆመው የሠሩ መሰሉ። ድንኳኑን እንዲደርቅ እዚያው ተከሉት። ከኛ ሰሌዳ አጠገብ ሆነ፤ ሰሌዳውን የሚያይ የለም፣ ድንኳኑን ሁሉም ያያል።

ጋሽ መንገሻ አልወጡም። በር ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው እኛን ሲያዩ ዋሉ። ምሳ ወሰድኩላቸው። ለናሆም ደወልኩና የሰው ጆሮ ካልሰማ በመብራት የሚጠራ ነገር የለም ወይ አልኩት። አለ፣ በዚህ በጀት የለም፣ እሳቸው ደግሞ ክቡ ውስጥ ናቸው አለኝ። ክቡ ውስጥ መሆናቸውን አውቃለሁ አልኩት።

ትንሽ ቀለለኝ። ልዋሽህ አልፈልግም፣ ትንሽ ነው።


ሰኔ 13፣ ዓርብ፣ ማታ

አለቀ። መመሪያው ጸደቀ። በናሆም ቀመር፣ እንዳለ።

ረቂቁ ላይ እንድፈርም ቀረበልኝ። አልፈረምኩም። ተቃውሞዬ በቃለ ጉባዔ ይያዝልኝ አልኩ። ተያዘ። ሁለት መስመር። ከሰዓት ፋይሉ ከጠረጴዛዬ ተነስቶ ወደ ሌላ ሰው ሄደ። አቶ ሰለሞን ኮሪደር ላይ ሲያልፉ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፣ ሳስበው አመሸሁ።

ከዛሬ ጀምሮ ሰፈራችን ቢጫ ነው። የሸጎሌ ሰዎች ግንብ ያገኛሉ፣ ደስ ይበላቸው፣ ከልቤ ነው። ነገ ለእማዬ የደም ግፊት መድኃኒቷን ገዝቼ እወርዳለሁ። ጋሽ መንገሻንም አስገድጄም ቢሆን አወጣለሁ። የፈለጉትን ይሳደቡ። አልሰማም ማለት ካፈሩ እኔ እላለሁ፣ ሰው ሁሉ ፊት እላለሁ። ወስኛለሁ።


ሰኔ 14፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት፣ ታክሲ ውስጥ

ከጳውሎስ ትንሽ አልፈን ቆመናል። መንገዱ ሐይቅ ሆኗል። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ረዳቱ የሚለው አይሰማም። ካልጻፍኩ እጮሃለሁ፣ ስለዚህ ልጻፍ።

ፋርማሲ ሰልፍ ላይ እያለሁ ናሆም ደወለ። ሳይረኑ ጮኋል። ሙከራ አይደለም፣ ሴንሰሩ ነው ያስነሳው።

እማዬ ስልክ አታነሳም። አታነሳም። እንደገና አታነሳም።

መድኃኒቱ ጭኔ ላይ ነው፣ ፌስታሉ ረጥቧል። ትናንት መውረድ ነበረብኝ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ በርቺ እያለች ጀርባዬን ታሻሸኛለች፣ ምን እንደሆንኩ እንኳ አልነገርኳትም።

አነሳች። የት ነሽ አልኳት። ድስቱ ጋ ነኝ አለች። የቱ ድስት፣ የት። ላይ ነዋ፣ ራስሽ አይደለሽ ያወጣሽን አለች። ሰዉ ሁሉ መጥቷል፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ዝናብ እየመታው፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። የድሮው እድር ቤት ደጁ በውሃ ተውጧል አሉ። ሰዉ ግን ስለ ውሃው አይደለም የሚጠይቀው። ማን ሞተ እያለ ነው።

አለቀስኩ። ሳቅኩም። ማንም አልሞተም በያቸው አልኳት።

እሱ ስም ሳይጠራ አይባልም አለች።

ጸሐፊው ከተማ ናቸው፣ ስለዚህ ራሷ ልትጠራ ነው፣ ሁሉንም በቃሏ ታውቃለች። ስልኩን አልዘጋችውም። መቀነቷ ውስጥ ሻጥ ያደረገችው ይመስለኛል፣ ድምፅዋ ቅርብ ነው፣ የሌሎቹ ሩቅ። በቤቶቻቸው ቅደም ተከተል ነው የምትጠራው፣ ከላይ ጀምራ ወደ ወንዙ። በዳሳ። አቤት። ዘነበች። አቤት። ሙሉነሽ። አቤት። የምንተስኖት ቤት። አለን። ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ከኔ ጋር ይሰማል፣ ለካ ድምፁን ከፍቼዋለሁ።

እየወረደች ነው። ሁለተኛው አጥር። የራሷን ቤት አለፈች። የመጀመሪያው አጥር። አቤት። አቤት።

መንገሻ።

ዝናቡ ብቻ።

ክቡ ውስጥ ናቸው። ከትናንት ጀምሮ ተቀንሰዋል።

ጋሽ መንገሻ፣ አለች እማዬ፣ ደግማ። ከዚያ ስም መጥራቱን አቆመችና ወጣቶቹን ጠራች፣ ገመድ ያዙ፣ በጓሮው በኩል፣ ቶሎ። ብዙ እግር ሲሮጥ ይሰማኛል። ሂሳብ ከፈልኩ፣ በሩን ክፈትልኝ አልኩት ረዳቱን፣ በእግሬ ልወርድ ነው።